ክንፉ ተስፋ፣ ጠመንጃው እርግጥ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጀውሃ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ በሰበሰበበት ሰዓት፣ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሁለት ባዶ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። የጎረቤት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ እናቱ ብትሰማ ደስ አይላትምና። «ጋሼ፣ ማመልከቻ ትጽፍልኛለህ?» አለኝ።

የእኔ ሥራ ሸዋ ሮቢት፣ ባንክ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ የሰው ፊርማ አመሳክራለሁ። በጀውሃ ግን የምታወቀው በሌላ ነው። ለሠርግ ግጥም፣ ለለቅሶ የሕይወት ታሪክ፣ ለቀበሌ አቤቱታ ያስፈለገው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ግጥም የሚሞክር ሰው ማመልከቻ አያቅተውም ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የልጁ መምጣት አላስገረመኝም። ያስገረመኝ ያመጣው ጉዳይ ነው።

«ውትድርና ልመዘገብ ነው» አለኝ። «ተጠባባቂ ቢያደርጉኝም ግድ የለኝም፤ ዋናው መግባቱ ነው። ከገባሁ በኋላ ፓይለት እሆናለሁ።»

ሐሳቡን ያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አሜሪካ የሚኖረው አጎቱ ስለ አንድ ሐበሻ ወጣት በስልክ አጫውቶታል፤ ወጣቱ በዚያ ሀገር ተጠባባቂ ጦር ገብቶ አውሮፕላን ማብረር ተማረ፤ አሁን በሥራ ቀን የመንገደኛ አውሮፕላን ያበራል፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ለጦሩ ያገለግላል። ሁለተኛው ምንጭ የሻይ ቤት ወሬ ነው፦ «አንተ ብቻ ግባ እንጂ፣ ውስጡ ሁሉ ነገር አለ።»

«ሐሙስ ተመለስ» አልኩትና ወረቀቶቹን ተቀበልኩት። ይህን የምጽፈው እስከ ሐሙስ ድረስ ምን እንደምለው ለራሴ ለማጥራት ነው። ውድ አንባቢ፣ ብትፈርዱኝ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝምና።

*

አስቀድሜ የልጁን ምኞት እንዳላቃለልኩት ልናገር።

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ በይፋት ቆላ ላይ ወረደ። ማሽላው እሸት ይዞ፣ ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበና ጅራፍ እያጮኸ ቢከላከልም አልሆነለትም። ከዚያ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን መጣ። ከተራራው ጥግ ብቅ ይልና ወደ ማሳው ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ይዞራል። ልጁ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ለጥቂት ቀን ከአውሮፕላኑ በስተኋላ ሲሮጡ ከርመው ተዉት፤ እርሱ ግን አልተወውም። ከዚያ ጀምሮ በደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ የሚሥለው አውሮፕላን ነው። አንድ ቀን አይቼለታለሁ፤ ክንፉ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ክፍሎች ሳይቀሩ በቦታቸው አሉ።

ይህን ምኞት እኔም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ግሪሳ ወፍ ማሽላችንን ሲወር፣ እኛ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ የማንችለውን መንጋ የሚረጨው አውሮፕላን ሲያራግፈው አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሰማይ ማለት ለእኔ እርዳታ የሚመጣበት ቦታ ነበር።

የልጁ ሰማይ ግን ብዙ አልቆየለትም። በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ተኩሱ እዚሁ ጀውሃ ነበር። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን ለዚህ ሀገር አንባቢ መተረክ አያስፈልገኝም። ዛሬ ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ እናቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ልጆቻቸውን መቁጠር ነው። ይህ ልጅ ግን አሁንም ድምፁን ሲሰማ ወደ ላይ የሚያየው ክንፉን ለማየት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይሞት የቆየ ምኞት መከበር ይገባዋል። ክርክሬም ከምኞቱ ጋር አይደለም፤ ምኞቱን ከያዘበት መንገድ ጋር ነው።

*

እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱንም ከባዶ አልፈጠረውም። በኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የሚያወጣው የመጀመሪያው መሰላል የወታደር መሰላል ነበር።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25፣ አብራሪውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ያኔ የሲቪል አየር መንገድ የሚባል ነገር በሀገሩ አልነበረም፤ አውሮፕላን የመንግሥትና የጦር ነበር። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ያችን ትንሽ አየር ኃይል መራ። ይህ ሰው በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልህም ሲለው በዚያው ቤት ጠራጊ ሆኖ ተቀጥሮ፣ መጥረጊያውን እንደያዘ ትምህርቱን ያዳምጥ እንደነበር ይነገራል። ከነፃነት በኋላ እንደገና ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ቀጥሎ ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ላይ አየር ኃይሉን አቋቋመ፤ ለአሥር ዓመት ያህል መራው። እርሱም በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ጎዴ ላይ ሞተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት መጋቢት የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በመሪው ላይ የነበሩት አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ እስኪሆኑ ድረስ አሥር ዓመት አልፏል። በእነዚያና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወታደር ልብስ አውልቀው የአየር መንገዱን የለበሱ አብራሪዎች ጥቂት አልነበሩም። ልጁ ይህን ታሪክ በዝርዝር አያውቀውም። ሽታው ግን ደርሶታል።

ሽታው ያልነገረው ነገር አለ። ያ መሰላል ዋጋ ነበረው። ለገሠ ተፈራ በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት አውሮፕላኑ ተመትቶ ሲወድቅ ተማረከ፤ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ1980 ዓ.ም.፣ ከ11 ዓመት እስር በኋላ ነው። በዛብህ ጴጥሮስ በ1970ዎቹ ኤርትራ ውስጥ ተማርኮ ለዓመታት ታሰረ፤ ተፈትቶ እንደገና ወደ አውሮፕላኑ ተመለሰ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ወደቀ። እስከ ዛሬ ወደ ሀገሩ አልተመለሰም። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊቱ በጠቅላላ ሲበተን አየር ኃይሉም አብሮ ተበተነ፤ ብዙ ገንዘብና ዘመን የፈሰሰበት ሙያ በአንድ ወቅት ሥራ አጥ ሆነ።

ይህን የምለው ልጁን ለማስፈራራት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ወታደር መሆናቸውን አውቀው የገቡ ናቸው። በረራው የወታደርነታቸው አካል ነበር። ወታደርነቱን እንደ ታክሲ ተሳፍረው ወደ በረራ የሄዱ አልነበሩም። የእኔ ልጅ ግን የሚያስበው እንደ ታክሲ ነው።

*

አሁን የራሴን ልናዘዝ።

በ2000 ዓ.ም. እኔም 18 ዓመቴ ነበር። ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር የምልመላ ማስታወቂያ ሰምተን፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን ወደ መመዝገቢያው ቦታ ሄድን። ሁለታችንም የምንፈልገው ክንፍ ነበር። የሚመዘግበው ሰው ቅን ሰው ነበር፤ አልዋሸንም። «ለአብራሪነት ራሱን የቻለ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ይህ የእግረኛ ነው» አለን። ከዚያ ግን ጨመረበት፦ «ገብታችሁ መወዳደር ትችላላችሁ።»

ጓደኛዬ ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ፈረመ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ነበርና ተመለስኩ። ልብ በሉ፤ ያስመለሰኝ ብልህነት አይደለም፤ ነጥብ ነው። ነጥብ ባይመጣልኝ ኖሮ ከእርሱ አጠገብ እፈርም ነበር።

ጓደኛዬ ሰባት ዓመት አገለገለ። መኪና መንዳት እዚያ ተማረ፤ ዛሬ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አይሱዙ ይነዳል። የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቆላ ሲወርድ አንዳንድ ጊዜ ጀውሃ ላይ ቆሞ ሻይ እንጠጣለን። አልቆጨውም፤ ሙያ አግኝቻለሁ ይላል። ስለ በረራ ስጠይቀው ግን ይስቃል። በሰባት ዓመት ውስጥ የበረረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጭነት አውሮፕላን፣ ከጥይት ሳጥኖች ጋር። የተቀመጠበት ጥግ መስኮት አልነበረውም። «መነሣታችንንም ማረፋችንንም ያወቅሁት በጆሮዬ ነው» ይለኛል።

«ገብታችሁ መወዳደር ትችላላችሁ» የሚለው ቃል ውሸት አይደለም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይጋለጥ ነበር። ይህ ቃል እውነት ሆኖ ይኖራል፤ ለአንዱ ይሠራለታል፣ ለመቶው አይሠራለትም፤ መቶውም እያንዳንዱ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ይፈርማል።

*

የአጎቱን ወሬም አጣራሁት። ወሬው እውነት ነው፤ አጭር በመሆኑ ግን አሳሳተ።

በአሜሪካ የአየር ኃይል ተጠባባቂና «ኤር ናሽናል ጋርድ» የሚባሉ ክፍሎች አሉ። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት የሚለው የአገልግሎት ልማድም አለ፤ ለአብራሪ ግን ከዚያ በላይ ይሆናል። የመንገደኛ አየር መንገድ እየሠሩ ለጦሩ የሚያበሩ ሰዎችም አሉ። መንገዱ ግን እንዲህ ነው፦ አመልካቹ መጀመሪያ የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይይዛል። ቀጥሎ ፈተና ይፈተናል፤ ከዚያ ክፍሉ ራሱ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ለአብራሪነት ወንበር ይመርጠዋል። የመኮንንነት ሥልጠናና ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድ የበረራ ሥልጠና ይከተላል። ሥልጠናውን ሲጨርስ የአሥር ዓመት የአገልግሎት ግዴታ አለበት። በሲቪሉ በኩል የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን የሚጠየቀው 1,500 የበረራ ሰዓት ለወታደር አብራሪ ወደ 750 ይቀንስለታል፤ ጥቅሙ ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ነጥብ አጥብቄ መያዝ እፈልጋለሁ፦ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር የሚያውቀው ከመፈረሙ በፊት ነው። በዚያው በአሜሪካም ዝም ብሎ በተራ ወታደርነት ተመዝግቦ «ውስጥ ከገባሁ በኋላ እበራለሁ» ያለ ወጣት፣ እንደ እኔ ጓደኛ መኪና ሲነዳ ወይም መጋዘን ሲጠብቅ አገልግሎቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ልዩነቱ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ወንበሩን አይቶ በመፈረምና ወንበሩን አገኛለሁ ብሎ በመፈረም መካከል ነው።

*

ቃላትን የምንወድ ሰዎች ነንና ሦስት ቃላት ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፓይለትን በአማርኛ በራሪ አላልነውም፤ አብራሪ አልነው። በራሪ ወፍ ነው፤ ለራሱ ይበራል። አብራሪ ግን ሌላውን የሚያስበር ነው። ቃሉ ራሱ በረራን አደራ ያደርገዋል፤ ከኋላህ የተቀመጠ ሰው አለ ይላል። ወታደር የሚለውን ደግሞ አባቶች «ወጥቶ አደር» ብለው ይተረጉሙታል፤ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሌሊቱ የት እንደሚያገኘው ሳያውቅ የሚያድር። ሁለቱም የተከበሩ ቃላት ናቸው። አንዱ ግን ለሌላው መሸጋገሪያ ድልድይ ተብሎ አልተሠራም።

ሦስተኛው «ተጠባባቂ» ነው። ልጁ ይህን ቃል ሲለው ቀላል ነገር አስመሰለው፤ ከጦሩ ውጭ እንደመቆም ያለ። ለእናቱ ግን ቃሉ ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሰው ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ያደርገው ነበር። የይፋት እናቶች አዋጁን በቁጥሩ አያውቁትም፤ የሚያውቁት በጎደለው ሰው ነው። የልጁ እናት ታላቅ ወንድም በዚያ ዘመን ሄዶ አልተመለሰም። የቀረችው አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ናት፤ ከመስታወቱ ሥር ተለጥፋለች። ልጁ ያደገው ያችን ፎቶግራፍ እያየ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ጠይቆ ያወቀ አይመስለኝም።

ሰኞ ማታ እናቱ መጣች። የሰማች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ በእርግጥም ሰምታ ነበር። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም። «ወንድሜ፣ አትጻፍለት አልልህም» አለችኝ። «ወንድ ልጅ ነው፤ ልያዝህ ብለው አይያዝልኝም። ብቻ የሚበር መስሎት እንዳይሄድብኝ። የሚሄድበትን አውቆ ይሂድ።»

ይህን ጽሑፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥር ብባል ከእርሷ ቃል የተሻለ አላገኝም።

*

ባንክ ቤት ከመስኮቱ ጀርባ ስቀመጥ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ሰው የሚፈርመውን አያነብም። ብድር የሚወስድ ሰው ውሉ ላይ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በእጁ የሚገባውን። የሚመልስበት ቀን፣ ባይመልስ የሚሆነው ነገር፣ በማስያዣነት የሰጠው ቤት በሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ «የት ጋ ልጫን?» ይላል። ለአንዳንዱ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ በትዕግሥት ይሰማኛል፤ ከዚያ «የት ጋ ልጫን?» ይለኛል።

ውትድርናም ውል ነው። እንደ ማናቸውም ውል ሁለት ዓይነት ቃል አለበት፤ የተቆረጠና ያልተቆረጠ። የተቆረጠው ግዴታው ነው፤ ታገለግላለህ፣ ታዝዛለህ፣ ወደተላክበት ትሄዳለህ። ያልተቆረጠው ተስፋው ነው፤ ትወዳደራለህ፣ ልትመረጥ ትችላለህ። በዚህ ልጅ ጉዳይ ክንፉ ተስፋ ነው፤ ጠመንጃው ግን እርግጥ ነው። ጠመንጃውን የሚሸከመው ምናልባት ነገ ነው፤ የሚሸከመውም ጦርነት ባለበት ሀገር፣ ከዚያም አልፎ ምናልባት እርሱን በመሰለ የገበሬ ልጅ ፊት ለፊት ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ወታደርነትን ወድዶ የሚገባ ይግባ፤ ክብር ይገባዋል። ለመብረር ብቻ ሲል ወታደር የሚሆን ግን የማይፈልገውን ነገር በእርግጠኝነት ገዝቶ የሚፈልገውን በዕጣ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ብድር አንድ ገበሬ ሊፈርም ቢመጣ ጌታዬ፣ ቆይ አንዴ ብዬ እጁን እይዘው ነበር።

*

የሚነሣብኝ መልስ ይታወቀኛል። «አንተ ነጥብ መጥቶልህ ነው፤ ለእርሱ ሌላ ምን በር አለው?» ትሉኛላችሁ።

ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በአዲሱ አሠራር በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ልጅ ከቀሩት ወገን ነው። የተማረውም ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተዘግቶ እንደተከፈተ ሁላችንም እናውቃለን። በራስ ወጪ የበረራ ትምህርት መማርን አታንሡብኝ፤ ዋጋው የሚቆጠረው በዶላር ነው፤ የእናቱ የማሾ ማሳ ቢሸጥ የመጀመሪያውን ወር አይሸፍንም። በዚህ ላይ ለወጣቱ ጠመንጃ ሊያስይዘው የሚፈልግ ከዚህም ከዚያም ሞልቷል፤ እስክሪብቶ ይዞ የሚጠብቀው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ በሆነበት ሀገር የወታደር መዝገብ ለምኞት ብቸኛው ክፍት በር መስሎ ቢታየው ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ ምኞትን በገንዘብ ወይም በደም ብቻ እንዲከፈል ያደረግን ሰዎች።

ሆኖም በሩ ጠባብ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። አየር መንገዱ በ1950ዎቹ አጋማሽ የራሱን የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ከከፈተ ወዲህ ወደ ሰማይ የሚወስደው መንገድ በጦር ሰፈር በኩል ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገችው አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን የወጣችበት መሰላል ትምህርት ነበር። አየር መንገዱ በራሱ ወጪ የሚያሠለጥናቸውን በማስታወቂያ ጠርቶ ያወዳድራል፤ ለዚያም ሠልጣኙ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል። ያም ውል ነው። ግን ወንበሩ ታይቶ የሚፈረም ውል ነው። አየር ኃይሉም ለበረራ ዕጩዎች ራሱን የቻለ ጥሪ ሲያወጣ፣ ያ ጥሪ ከተራው ምልመላ የተለየ በር ነው፤ ወታደርነትንም በረራንም አንድ ላይ የሚፈልግ ልጅ በዚያ ይግባ። ከአውሮፕላን ጋር መኖር ለሚፈልግም ጥገና የሚባል ሙያ አለ፤ እያንዳንዱ በረራ ከመነሣቱ በፊት የእነዚያን ሰዎች ፊርማ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ፊርማ ይልቅ ረጅም ነው። ፈተናውን እንደገና መቀመጥ አለ። ዓይኑን መመርመር አለ፤ ዓይኑ እንደማይፈቅድለት ገና በ18 ዓመቱ ቢያውቅ ከሰባት ዓመት በኋላ ከማወቅ ይሻለዋል። መጠበቅም አለ። መቼም መጠበቁ ላይቀር፣ በሀገሩ ጦር ሳይሆን በራሱ ደብተር ፊት ተጠባባቂ ቢሆን እመርጥለታለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይህችን ጻፍኩ። ግጥም ናት ብዬ አልመካም፤ ለእርሱ የማነብለት ናት።

ወፊቱ ፈርማ ነው ሰማይ የወጣችው?
ማን ዋስ ሆኗት ይሆን ክንፍ ያበቀለችው?
ልጁ ግን ሲያምረው ከደመና በላይ፣
ስሙን ጽፎ ሰጠ ሳያውቅ የቱን ሰማይ።

*

ነገ ሐሙስ ነው። ልጁ የሰጠኝ ሁለት ባዶ ወረቀት ነበር፤ ሁለቱንም ሞልቻቸዋለሁ።

በአንደኛው ላይ የጠየቀኝን ማመልከቻ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፌለታለሁ። አልከለከልኩትም፤ 18 ዓመት የሞላው ሰው ስም የእርሱ ነው። በሁለተኛው ላይ ከመፈረሙ በፊት ራሱ በአፉ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጻፍኩ። ይህ ምልመላ ለአብራሪነት ነው ወይስ ለእግረኛ? ለስንት ዓመት ነው የምፈርመው? ለአብራሪነት ባልመረጥ መመለስ እችላለሁ? ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ገብቶ የበረረ አንድ ሰው ታሳዩኛላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ለእርሱ ብቻ ነው የጻፍኩት፦ አውሮፕላን በሕይወትህ ባትነዳ፣ ይህን ልብስ ትለብሰው ነበር?

ለመጨረሻው መልሱ አዎ ከሆነ፣ እናቱ እንዳለችው አውቆ ይሄዳል፤ እኔም እስከ መኪናው ድረስ እሸኘዋለሁ። አይደለም ከሆነ ግን የመጀመሪያው ወረቀት እኔ ጋ ይቀመጥለት። የኋላው ባዶ ነው፤ አውሮፕላን ይሥልበታል።